የፍየል ዋጋና የጆንያ ቁጥር፤ በሚኤሶ ስለሚሰጠው የድርቅ ርዳታ የቀረበ ትችት

በአገራችን ድርቅ በደረሰ ቁጥር ከወገንም ከባዕድም የሚዘረጋው የርዳታ እጅ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ቀይ መስቀሉ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሁሉ የየአቅሙን ያደርጋል፤ ያደረገውንም በሪፖርት ይገልጻል። በሪፖርቱ ላይ የምናነበው ግን ዘወትር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው፤ ይኸውም ይህን ያህል ኩንታል ስንዴ ለዚህን ያህል ሰው ታደለ የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቁጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ስለ ተረጂው ኑሮ የሚነግረን ነገር ጥቂት መሆኑን ለማሳየትና፣ ከጆንያው ጋር ሌላ ምን ቢቈጠር ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ ነው። ለምርመራው የመረጥሁት አገር ሚኤሶ ነው።

፩. አገሩና ሰዉ

ሚኤሶ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በጨርጨር ተራሮች ግርጌ የሚገኝ ቆላማ አገር ነው። ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወስደው መንገድ በከተማው ያልፋል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዝናሙ በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ በሁለቱም ጊዜ ሊቀር ይችላል። ገበሬው ማሽላ፣ በቆሎና ሰሊጥ ይዘራል፤ ፍየል፣ ከብትና ግመል ያረባል። ኗሪው አብዛኛው የኦሮሞና የሱማሌ ተወላጅ የሆነ ሙስሊም ሲሆን፣ በከተማው ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛና የባቡር ሠራተኛ ልጅ አብሮ ይኖራል።

ስለ ሚኤሶ ስንናገር ልንዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ሚኤሶ ከዓለም የተለየ ዳር አገር አይደለም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ መንገዱ በዚሁ አገር ነበረ። አዲሱም የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሠራ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላው ስለ ሠራ፣ ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙት በሚኤሶ ነው። እንግዲህ ስንዴው ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር ሲጓዝ የሚያልፈው በዚህ ሕዝብ ደጃፍ ነው። እህል በደጃፍ እያለፈ ሰው ስለምን ይራባል? ይህ ጥያቄ ቢመለስ የርዳታውም ነገር ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

፪. ራብ በየት በኩል ይገባል

ብዙ ሰው ድርቅ ማለት እህል መጥፋት፣ እህል መጥፋትም ራብ ማለት ነው ብሎ ያስባል። በሐረርጌ የተደረገው ጥናት ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ መሆኑን አሳይቷል። በ1966 ዓ.ም. የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በተቋቋመበት ዓመት፣ ጆን ሲማን፣ ጁልየስ ሆልትና ጆን ሪቨርስ የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ተዘዋውረው ድርቁ በሰው አመጋገብ ላይ ያደረሰውን ጉዳት መረመሩ። ከመረመሩትም ነገር አንዱ ከብት በእህል የሚለወጥበት ዋጋ ነበር። ይህን ማስረጃ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለክርክሩ ተጠቀመበት።

ክርክሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከብት አርቢ የሚኖረው በወተትና በሥጋ ብቻ አይደለም። ከምግቡ ብዙው ክፍል ፍየሉንና በጉን ሽጦ የሚገዛው እህል ነው፤ በደኅና ጊዜም በዚህ ልውውጥ ይጠቀማል፤ ምክንያቱም የአንድ ፍየል ሥጋ ከሚያጠግበው ሰው ይልቅ በዋጋዋ የሚገዛው እህል ብዙ ሰው ያጠግባል። ድርቅ ሲመጣ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይደርስበታል። ግጦሹ ደርቆ ፍየሏ ትከሳለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ እንደ እርሱ ለመሸጥ ስለሚሮጥ ገበያው በከሳ ፍየል ይሞላል፤ ዋጋዋም ይወድቃል። በዚያው ገበያ የማሽላ ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ ሰውየው አንድ ፍየል ሳይሞትበት እንኳ ሊደኸይ ይችላል። የሞተበት ደግሞ ሁለት ጊዜ ደኸየ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ የዮሴፍን ታሪክ እናውቀዋለን። ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረን ጎተራው ነው፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመት እህል ስላከማቸ ሕዝቡ መትረፉ ነው። ዳሩ ግን ኦሪት ከዚያ በኋላ የሆነውንም ጽፋልናለች። ግብጻውያን በመጀመሪያ ገንዘባቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለእህል ሰጡ። በጎተራው እህል ሞልቶ ነበር፤ ሕዝቡም አልሞተም፤ ነገር ግን ከድርቁ የወጣው ሌላ ሕዝብ ሆኖ ነው። ጆንያ ብቻ የሚቈጥር ሪፖርት በዮሴፍ ጎተራ ደጃፍ ቆሞ ቢጻፍ ኖሮ፣ ሥራው ፈጽሞ የተሳካ ነው ብሎ በደመደመ ነበር።

፫. ቀላል ሒሳብ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እናስላው። በአገራችን ለድርቅ ተረጂ የተመደበው የእህል መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው፤ ከዚህ ጋር ጥቂት ጥራጥሬና ዘይት ይታከልበታል። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ እንግዲህ በወር 90 ኪሎ ያገኛል ማለት ነው፤ አንድ ኩንታል ሊሞላ 10 ኪሎ ይጐድለዋል።

ለምሳሌ ያህል ይህ ቤተ ሰብ 25 ፍየሎች አሉት እንበል። በደኅና ዓመት ሁለት ፍየል አንድ ኩንታል ማሽላ ትገዛለች፤ በድርቅ ጊዜ ግን ስድስት ያስፈልጋል ብለን እናስብ። ይህን ቁጥር ለሒሳቡ ብዬ ያኖርሁት ነው እንጂ የገበያ መዝገብ አይደለም። ርዳታው ሦስት ወር ቢዘገይ ቤተ ሰቡ በየወሩ አንድ ኩንታል ለመግዛት 18 ፍየል ይሸጣል። በአራተኛው ወር 90 ኪሎው ሲደርስ በበረት የቀሩት ሰባት ፍየሎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር ያለ ማቋረጥ ቢታደለው በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው 540 ኪሎ ነው። በድርቅ የጠፉት 18 ፍየሎች ግን በየትኛውም ዓምድ አይገኙም። ዝናሙ ሲመለስ ቤተ ሰቡ ወደ ደኅናው ገበያ የሚገባው በሰባት ፍየል ነው፤ የሚቀጥለውም ድርቅ የሚያገኘው በዚያው ላይ ነው።

እንግዲህ ሦስቱ ወር ከስድስቱ ወር ይበልጣል። በመጀመሪያው ወር የደረሰ አንድ ጆንያ ስድስት ፍየል ያድናል፤ በአራተኛው ወር የደረሰው የሚያድነው የቀረ ካለ ነው። ሁለቱ ጆንያዎች በሚዛን እኩል ናቸው፤ በሪፖርትም እኩል ይጻፋሉ። የእኔ ትችት ሥሩ ይህ ነው።

፬. ርዳታው መቼ ይደርሳል

አሁን ምሳሌውን ትተን ወደ ሆነው ነገር እንመለስ። በ1994 ዓ.ም. ዝናሙ ሲቀር በመጀመሪያ ከተጐዱት አገሮች መካከል የአፋርና የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ይገኙባቸዋል። የተረጂው ቁጥር ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙሉ 13.2 ሚሊዮን ደረሰ።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኤል ኒኞ የተባለው የባሕር ሙቀት ለውጥ በተነሣ ጊዜ በመጀመሪያ በልጉ፣ ቀጥሎ ክረምቱ ቀረ። ርዳታ የሚያስፈልገው ሰው በነሐሴ 2007 ዓ.ም. 4.5 ሚሊዮን ነው ተባለ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. 8.2 ሚሊዮን ሆነ፤ በታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ለዚህም 1.4 ቢሊዮን ዶላር ተጠየቀ። ይህ ታላቁ ጥያቄ የቀረበው በልጉ ከቀረ ከግማሽ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ገንዘቡ ተሰጥቶ፣ እህሉ ተገዝቶ፣ መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ ወደቡ ተጨናንቆ መርከቦች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። አዲሱ የባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም. የርዳታ እህል እንዲያመላልስ መደረጉ የችግሩን ጥድፊያ ያሳያል።

በዚያ ዘመን መንግሥትም በጎ አድራጊውም ብዙ ደከመ፤ የሰው ሕይወት በ1977 ዓ.ም. እንዳለቀው አላለቀም፤ ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው። ነገር ግን ሕይወትን ማዳንና ኑሮን ማዳን ሁለት ነገር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ለከብት አርቢው ተረት አይደለም፤ የርዳታው የቀን መቍጠሪያ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት የሰዎቹ ስንፍና አይመስለኝም። ርዳታ የሚጠራው ምልክት ራሱ የዘገየ በመሆኑ ነው። የከሳ ሕፃን ክንድ ተለክቶ፣ የሞተ ከብት ተቈጥሮ፣ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ይጻፋል። የሕፃኑ ክንድ የሚከሳው ግን ላሟ ከነጠፈች፣ ፍየሎቹም ከተሸጡ በኋላ ነው። የፍየል ዋጋ በማሽላ ሲለካ መውረድ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው።

፭. ቀድሞ የሚደርሰው ረዳት

ከውጭ የሚመጣው ርዳታ እስኪደርስ ድረስ በሚኤሶ ሰው ዝም ብሎ የሚጠብቅ የሚመስለው ካለ አገሩን አያውቅም። የሐረርጌ ኦሮሞ አፎሻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለው፤ ለቀብርና ለሠርግ ይተጋገዝበታል። ጉዛ የሚባለው የደቦ ሥራ እርሻውን ያነሣለታል። በኦሮሞ ከብት አርቢዎች ዘንድ ሂርጳ የሚባል ልማድ አለ፤ ከብቱ ላለቀበት ሰው ዘመዱና ጎረቤቱ ከየበረቱ እያወጣ ይሰጠዋል። በከተማው ያለው ክርስቲያን እድሩና የጽዋ ማኅበሩ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘካ አለ።

ዘካ እንደ ፈቃድ ምጽዋት ያለ ነገር አይደለም፤ ልክ ያለው ግዴታ ነው። አርባ ፍየል ወይም በግ ያለው አንድ ያወጣል፤ አምስት ግመል ያለው አንድ ፍየል ወይም በግ ይሰጣል፤ ሠላሳ ከብት ያለው የአንድ ዓመት ጥጃ ያወጣል። በዝናም ከበቀለ እህል ዐሥራት፣ በመስኖ ከለማው የዐሥራት እኩሌታ ይወጣል። ይህ ሥርዓት ተረጂውን የሚያውቀው በስሙ ነው፤ ለመድረስ መርከብ አያስፈልገውም፤ ደብዳቤም አይጠብቅም።

የሆነ ሆኖ ይህን አመስግነን ብቻ ብናልፍ ትችታችን ጐደሎ ይሆናል። የአገር ቤቱ መረዳጃ አንድ ታላቅ ድካም አለበት። አፎሻና እድር የተሠሩት ሐዘን በአንድ ጊዜ በአንድ ቤት እንዲገባ ታስቦ ነው፤ ድርቅ ግን በሁሉ ቤት በአንድ ቀን ይገባል። ዘካም ከሀብት ላይ የሚወጣ ስለሆነ፣ አርባ የነበረው ፍየል ወደ ሠላሳ ሲወርድ ከሰጪነት ይወጣል። ስለዚህ የተቸገረው ሲበዛ ሰጪው ያንሳል። ሂርጳም ቢሆን ከጎረቤት በረት ውስጥ የሚወጣ ነገር ሲኖር ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ረዳቶች አስተያይተን እንያቸው። የአገር ቤቱ ፈጣን ነው፤ ተረጂውን ያውቃል፤ ነገር ግን ችግር በጸና ጊዜ ይደርቃል። የውጭው ብዙ ነው፤ ከሌላ አገር ዝናም ስለሚቀዳ አይደርቅም፤ ነገር ግን ይዘገያል፤ ተረጂውንም የሚያውቀው በዝርዝር ወረቀት ነው። አንዱ የጐደለው በሌላው ዘንድ አለ። የሚያስፈልገው የውጭው ርዳታ የአገር ቤቱ ከመድረቁ በፊት ደርሶ ከሥሩ እንዲያጠጣው ነው። አሁን የምናየው ግን የአገር ቤቱ አልቆ ሰዉ ሁሉ ድሀ ከሆነ በኋላ ሁሉንም በአንድ ሰልፍ ማቆም ነው።

፮. የተሻለ ሥራ የታየበት ጊዜ

ይህን የምለው ሊደረግ የማይቻል ነገር እየተመኘሁ አይደለም። በከፊል የተደረገ ነገር አለ።

የሐረርጌ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት አገር፣ ከካቶሊክ ተራድኦ ማኅበር (ሲ.አር.ኤስ.) ጋር ሆኖ ብዙ ዘመን ሠርቷል። እህል ከማደልም ሌላ የውሃና የዘር ሥራ ነበረው። ስለ ዘር የተማርነው ነገር ለጉዳያችን ይጠቅማል። ሾን ማክጓየር የተባሉ ተመራማሪ በጭሮና በሚኤሶ ወረዳዎች የማሽላ ዘር ነገር አጥንተው ነበር። በቆላው ዝናሙ ጀምሮ ሲቋረጥ ገበሬው ደጋግሞ መዝራት ስላለበት ዘሩ ያልቅበታል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዘር ከአገሩ አይጠፋም፤ በገበያና በጎረቤት ቤት ይገኛል፤ የሚጠፋው የድሀው መግዣ ነው። ከሩቅ በመኪና ዘር ጭኖ መምጣት እንግዲህ ያልጠፋውን ነገር ማምጣት ነው። ሲ.አር.ኤስ. በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ያስፋፋው የዘር ገበያ ዘዴ ይህን የተገነዘበ ነው። ለተቸገረው ገበሬ የዋጋ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በተቀጠረው ቀን የአካባቢው ሻጭ ዘሩን ያወጣል፤ ገበሬው የሚያውቀውን ማሽላ መርጦ ይገዛል፤ ገንዘቡም በአገሩ ይቀራል።

ለከብትም እንዲሁ ሆኗል። በ1998 ዓ.ም. በቦረና በሞያሌ በኩል ድርቅ በጸና ጊዜ፣ የአሜሪካው ሴቭ ዘ ችልድረን ሁለት የከብት ነጋዴዎችን ከአርቢዎቹ ጋር አገናኝቶ ወደ 20,000 የሚሆን ከብት ሳይሞት እንዲገዛ አደረገ። ነጋዴዎቹ ያወጡት ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህ ገንዘብ ምጽዋት አልነበረም፤ ሰዉ የራሱን ከብት ሽጦ ያገኘው ነው። አርቢዎቹም ከገንዘቡ እህል፣ ለቀሩት ከብቶች መኖ፣ መድኃኒትም ገዙበት። ከዚህና ከመሰሉት ሥራዎች በመነሣት የግብርና ሚኒስቴር በ2008 እ.ኤ.አ. በከብት አርቢ አገሮች ስለሚሰጥ የከብት ርዳታ ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። ስለዚህ ዕውቀቱ አለ፤ መመሪያውም አለ። ድርቅ ሲመጣ ግን ገንዘቡ እንደ ገና ወደ ስንዴው ይሄዳል። ስንዴ ከመርከብ ሲወርድ ይታያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ለሰጪው አገር ይነገራል። ያልተሸጠች ፍየል ግን በምን ፎቶግራፍ ትታያለች?

በ1994 እ.ኤ.አ. የቀይ መስቀል ማኅበራትና ሌሎች በጎ አድራጊ ድርጅቶች ዐሥር አንቀጽ ያለው የጠባይ ደንብ አውጥተዋል። ርዳታ በሃይማኖትና በዘር ሳይለይ እንዲሰጥ፣ ለሃይማኖት ማስፋፊያ እንዳይውል፣ የአገሬውን ልማድ እንዲያከብር፣ በአገሬው ዐቅም ላይ እንዲታነጽ፣ ድርጅቱም ለሰጪውና ለተቀባዩ ሁለቱም መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል። የእምነት ድርጅቶቻችን የመጀመሪያዎቹን አንቀጾች ማክበራቸው ሊመሰገን ይገባዋል። የመጨረሻው ግን ገና ነው። ለሰጪው መልሱ ሪፖርት ነው። ለተቀባዩ መልስ የተሰጠበት ወረቀት የት አለ? የሚኤሶ ሰው በየዓመቱ ቢጠየቅ፣ ምን ያህል ተቀበልህ ከሚለው ይልቅ መቼ ደረሰልህ የሚለውን ለመመለስ የሚቸኵል ይመስለኛል።

፯. የሰጪው እጅ ሲታጠፍ

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ርዳታን ከየዓመቱ ልመና አውጥቶ አስቀድሞ የታወቀ ለማድረግ ታስቦ የተሠራ ነው፤ አሳቡ ትክክለኛ ነው። የድንገተኛው እህል ግን ብዙው ከአንድ ወገን ሲመጣ ቆየ። በሲ.አር.ኤስ. መሪነት ይሠራ የነበረው የማኅበራት ኅብረት ስንዴውን ያገኝ የነበረው ከአሜሪካ መንግሥት ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ወደ ሌላ እጅ ዞሯል በማለት ለኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረውን የምግብ ርዳታ በሙሉ አቆመ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም ተከተለው። ስድስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ተመለሰ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አገደ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. ራሱ ተዘጋ።

በእህሉ ላይ ያጠፋ ሰው ካለ መቀጣት አለበት። ነገር ግን በአንድ ከተማ በሩቅ አገር የተጻፈ ደብዳቤ ከዚህ እስከ ሚኤሶ ያለውን ሰልፍ በአንድ ቀን ሊበትን የሚችል ከሆነ፣ ያን ያህል ዘመን የታደለው ጆንያ በኋላው ምን አቆመ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ሠላሳ ፍየል የተረፈለት ሰው ደብዳቤውን ተቋቁሞ ጥቂት ወር ይቆያል። ፍየሉን ጨርሶ የሰለፈው ሰው ግን የሚቆይበት ነገር የለውም።

፰. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

በመጀመሪያ፣ ስንዴ ሲገባ የእህል ዋጋ ስለሚወርድ የፍየሉ ዋጋ በእህል ሲለካ ይሻሻላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እኔም ስንዴው ይቅር አላልሁም። በድርቁ መጀመሪያ የገባ ስንዴ ይህን ያደርጋል። አዲሱ ማሽላ ሲታጨድ የደረሰ ስንዴ ግን ከብቱን ሳያድን ገበሬውን ይጐዳል። ተቃውሞው ወደ ጊዜው ጥያቄ ይመልሰናል።

ሁለተኛ፣ በእህል ፈንታ ገንዘብ ቢሰጥ ዋጋ ይንራል የሚል አለ። መንገድ በማይደርስበት አገር ይህ ሊሆን ይችላል። ሚኤሶ ግን በመንገድና በሐዲድ ላይ ያለች ናት፤ ገዢ ካለ ነጋዴ እህሉን ያመጣል።

ሦስተኛ፣ በጎ አድራጊ ነጋዴ አይደለም፤ የፍየል ዋጋ ምን አገባው የሚል ይኖራል። እንዲያውም የእምነት ሰዎች ካሉት ሁሉ ይበልጥ በዚህ ገበያ ውስጥ አሉበት። በዐቢይ ጾም ወራት በደገኛው ከተማ የፍየልና የበግ ገዢ ይቀንሳል፤ ይህም በልግ የሚጠበቅበት ደረቁ ወራት ነው። በዐረፋ ጊዜ ደግሞ ገዢ ይበዛል፤ ከውጭ አገር ያሉ ሙስሊሞችም ለድሆች እንዲታረድ ገንዘብ ይልካሉ። የመስዋዕቱ ገንዘብ ከድርቅ አገር ፍየል እንዲገዛበት ቢደረግ፣ አንድ ገንዘብ ለሻጩ እህል፣ ለበላተኛው ሥጋ ይሆናል። የበዓሉ ቀን በየዓመቱ ወደ ኋላ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚሄድ ሁልጊዜ ከድርቅ ጋር አይገጥምም፤ በገጠመበት ዓመት ግን ሳይጠቀሙበት ማለፍ ያሳዝናል።

፱. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተነገረውን ወደ ሦስት ጥያቄ ልሰብስበው። ማናቸውም ድርጅት፣ የቤተ ክርስቲያን ይሁን የመስጊድ ወይም የዓለማዊ ማኅበር፣ በሚኤሶ ያደረገውን ሲገልጽ ከጆንያው ቁጥር አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ ርዳታው በደረሰበት ሳምንት ስንት ፍየል አንድ ኩንታል ማሽላ ትገዛ ነበር፤ ከወር በፊትስ? ሁለተኛ፣ የተረዳው ቤተ ሰብ ድርቁ ሲጀምር ስንት ከብት ነበረው፤ ሲያበቃስ ስንት ቀረው? ሦስተኛ፣ ከአገሬው መረዳጃ፣ ከአፎሻው፣ ከዘካ ሰብሳቢው፣ ከእድሩ ጋር ተማክሮ የተሠራው የትኛው ነው፤ ድርጅቱ ሲወጣስ እነዚህ ጠነከሩ ወይስ ደከሙ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላም ጥቅም አለው። ሚኤሶ በኦሮሚያና በሱማሌ ክልል ወሰን ላይ ናት፤ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በወሰኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጓል፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማም በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። የተረጂ ዝርዝር በወሰን ላይ ይቆማል፤ ማን በየትኛው መዝገብ ይጻፍ የሚለውም ራሱ ጠብ ያመጣል። ከሁለቱ ወገን የመጡ ፍየሎች ግን በአንድ ገበያ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ዋጋው ሲወድቅ ለሁለቱም ይወድቃል፤ ቢያዝ ለሁለቱም ይያዛል። ስለዚህ በዋጋው የሚመራ ርዳታ ለወገን ያደላል ተብሎ ለመጠርጠር ይከብዳል።

ይህ ሥራ ለእኛ ለተማሪዎችም ድርሻ ይተዋል። በየሳምንቱ በገበያ ቀን የአንድ መካከለኛ ፍየልና የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ ለመጻፍ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ከጭሮ፣ ከሚኤሶ፣ ከአሰቦት፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ወደ ኮሌጅ የመጣን ልጆች ብዙ ነን፤ በየከተማው ያሉ የትምህርት ቤት መምህራንም ሊያግዙን ይችላሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ለጥቂት ዓመት ቢያዝ፣ የሚቀጥለው ድርቅ ገና በፍየሏ ዋጋ ላይ ሳለ ሊታወቅ ይችላል። የመምሪያችን መምህራን አሳቡን መርምረው ጐደሎውን ቢያርሙት፣ ከሚቀጥለው የበልግ ወራት በፊት መጀመር ይቻላል።